ማክሰኞ መረቡን የጎተተ እጅ

ንሱዋኖ፣ ዓርብ ኅዳር 6

ለእህቴ ልጅ ለኤቦ ኩዋንሳ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እናትህ ደጋግማ አስነበበችኝ፤ በመጨረሻ እንቢ አልኳት፤ ዓይኔ ለሷ ብቻ አልተፈጠረም። ደህና ነች። ምድጃዋ ይጨሳል፣ ዓሣዋ ይሸጣል፣ ምላሷም እንደ ድሮው ነው። እኔም ጉልበቴን ካላነሳህብኝ ደህና ነኝ።

ስልክህን ፖሊስ ለማስረጃ ወስዶታል ያልከው ገብቶኛል። እንኳንም ወሰደው። እኔ በስልክ ሳወራ ስለምጮህ የቤተሰባችን ምሥጢር አሸዋው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ መልሱንም ካንተ ቀድመው ይነግሩኛል። ወረቀት ይሻላል።

"ነጻ አወጡኝ፣ ግን እንዳልሠራ ከለከሉኝ" ያልከውን ግን ደግሜ አንብቤም አልገባኝም። ከመርከብ አውርደው ቤት ይሰጡሃል፣ ሥራ ይከለክሉሃል፤ ምን ዓይነት ነጻነት ነው? ደግሞስ አንድ ሰው ተበድሏል ወይስ አልተበደለም የሚለውን ለማጣራት ይህን ያህል ወር ምን ያደርጋል? እኔ ከጠዋት እስከ ምሳ ይበቃኝ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ዳድዚ መጥቶ ነበር። አዎ፣ ያው ወደዚያ አገር የላከህ ደላላ። ሽናፕስ የተባለውን አረቄ ይዞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ። የመርከብህ ካፒቴን ጊለስፒ ሰውን እንደ ባሪያ አሠርተሃል ተብሎ መከሰሱን፣ ዋናው ምስክር ደግሞ የኔው የእህት ልጅ መሆኑን ከሱ አፍ ሰማሁ። አንተ "የፍርድ ቤት ነገር አለ" ብለህ እንደ ቀልድ አለፍከው። ከነከነኝ፤ ለምን ልዋሽህ?

"ናና፣ ባሪያ የዕረፍት ቀን አለው?" አለኝ ዳድዚ። የለውም አልኩት። "ታዲያ ኤቦ ማክሰኞ ማክሰኞ ያርፍ አልነበረም?" አለ። እኔም ደረቴን ነፍቼ አዎ አልኩት፤ አንተው ነህ የነገርከኝ። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ በዚህ ቀን ከዚህ ዳርቻ ታንኳ አይወጣም። አንተ እዚያ ማዶ ሆነህ፣ በነጮች መርከብ ላይ፣ ይህን ሕግ ስላስከበርክ በስብሰባ ፊት ስምህን ጠርቼ አመስግኜሃለሁ።

ስለዚህ ግራ ገብቶኛል። ካፒቴኑ ማክሰኞህን ካከበረልህ ሰው ነው። ሰው ካልሆነ ደግሞ እንዴት አከበረልህ? ጻፍልኝ።

አጎትህ ናና ክዌጂር፣
የንሱዋኖ አስጋሪዎች አለቃ


ፖርት ካሪክ፣ ስኮትላንድ፣ ሐሙስ ኅዳር 19

ለተከበሩ አጎቴ ለናና ክዌጂር፣

ጉልበትዎን እንዳላነሳ ስላዘዙኝ አላነሳሁም። ዝናብ ሲመጣ ግን በቅባት ያሹት፤ ይህን የምለው ለጉልበቱ ነው እንጂ ለርስዎ አይደለም። እማዬን ሳሙልኝ። የላከችው የደረቀ በርበሬ ደርሶኛል። እዚህ ቤት የምንኖረው ሁሉ አስነጥሶን ሰነበተ።

ስለ ክሱ አስቀድሜ ባለመንገሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዳድዚ ይቀድመኛል ብዬ አላሰብኩም።

ከመርከቡ ወርዶ ለምን አልሄደም ብለው እንደሚገረሙ አውቃለሁ። ልንገርዎት። ዳድዚ ያወጣልኝ ቪዛ በዚህ አገር አልፌ መርከብ ላይ እንድሳፈር ብቻ የሚፈቅድ ነው። እዚህ መሬት ላይ መኖርን አይፈቅድም። ስለዚህ ወደብ ላይ ስንቆምም የምንተኛው እዚያው መርከቡ ውስጥ ነው። ከወደቡ በር አንድ እግሬን ካወጣሁ ፖሊስ ይዞ እንደሚያባርረኝ ካፒቴኑ ሳይታክት ይነግረኝ ነበር። የሚያናድደው ደግሞ አልዋሸም፤ ወረቀቱ የሚለው እንደዚያው ነው። ፓስፖርታችን እሱ ክፍል ተቆልፎበት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አላፊ መንገደኛ ሆኜ ኖርኩ።

ክሱ የተነሳው ሮደል በሚባል ጓደኛዬ ነው። ፊሊፒናዊ ነው፤ ከኔ ጎን ያለው አልጋ ላይ ነበር የሚተኛው። ዊንቹ፣ ማለቴ መረቡን የሚጎትተው ማሽን፣ እጁን ይዞት ሁለት ጣቶቹን ወሰደበት። ካፒቴኑ ወደ ወደብ አልመለሰንም። እጁን በጨርቅ ጠምጥመንለት መረቡ እስኪሞላ ሥራ ቀጠልን። በኋላ ቁስሉን ያየው ሐኪም ነው ለፖሊስ የደወለው። ካፒቴኑ "ሮደል ጠጥቶ ነበር፤ ሳልፈቅድለት ብቻውን ማሽኑን ነካ" ይላል። ሮደል ደግሞ ጠብታ አልቀመሰም፤ እናቱ ወንጌላዊት ነች።

አሁን ያለንበትን ቤት የምታስተዳድረው ሞራግ የምትባል ሴትዮ ነች። ተጠቂ መሆናችንን የሚያጣራው መሥሪያ ቤት ውሳኔ እስኪሰጥ መሥራት ክልክል ነው። በቀደም ወደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ መረብ ሲጠግን አይቼ እጄ በላኝና አብሬው ተቀመጥኩ። ሞራግ ደረሰችብኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይህ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?" አለችኝ።

"ለኔ ጨዋታ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው በነጻ ተጫወት! አንድ ሳንቲም ከተቀበልክ ጉዳይህ ገደል ይገባል።"

ሽማግሌው ያቀረበልኝን ሻይ እንኳ ፈርቼ ሳልጠጣ መጣሁ።

ስለ ማክሰኞ የጠየቁኝን በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ ሞራግ ኮቷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች።

አክባሪ ልጅዎ ኤቦ


ንሱዋኖ፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ 5

ለኤቦ፣

የሻዩ ነገር አሳቀኝ፤ የጓደኛህ እጅ ግን አሳዘነኝ። እናትህ ስለሱ ሰምታ አለቀሰችና "ጣቱ ሲድን ዓሣ እልክለታለሁ" አለች። ጣት እንደማይበቅል ማን ይንገራት።

ማክሰኞን ዘለልካት። ፖስታ ቤቱ ቸኩሎብህ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

እኔ ግን ለስምህ ስል አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ደስ ይበልህ። ዳድዚ ተመልሶ መጣ። "ናና፣ ለኤቦ ክብር ሲባል፣ ማክሰኞን በነጮች መርከብ ላይ ማስከበሩን በጽሑፍ ይስጡን" አለኝ። በመኪናው ኬፕ ኮስት ወሰደኝና መሐላ በሚቀበል ሰው ፊት ፈረምኩ። የእህቴ ልጅ ኤቦ ኩዋንሳ በካፒቴን ጊለስፒ መርከብ ላይ በማክሰኞ ቀን መረብ ነክቶ አያውቅም፣ ካፒቴኑም ይህን አክብሮለታል የሚል ነው። የአለቅነቴን ማኅተም አደረግኩበት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ያማረ ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም። እዚያ ያሉት ዳኞች ሲያነቡት የማን ዘር እንደሆንክ ያውቃሉ።

ሌላው ወሬ የኮጆ ተክዪ ነው። የታንኳው ባለቤት፣ ያ ጥርሱ ፍንጭት። ማክሰኞ ዕለት "የቻይና መርከቦች ማክሰኞን አያውቁም፤ እኛ ስንተኛ ዓሣውን ጠርገው ወሰዱት" ብሎ ታንኳውን አስወጣ። ጠራሁት። "አንተ በገዛ አገርህ፣ በገዛ ታንኳህ ማክሰኞን ጣስክ፤ ኤቦ በሰው አገር፣ በሰው መርከብ ጠበቀው። አታፍርም?" አልኩት። ሞተሩን ወሰድኩበት። አሁን እኔ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል።

ሞተር የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ዳድዚ ጋ ሄዶ ተመዘገበ አሉ። አንተ ወዳለህበት አገር ሊሄድ ነው። ከጓደኛው ጋር።

አጎትህ ናና ክዌጂር


ፖርት ካሪክ፣ እሑድ ታኅሣሥ 20

የተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሞራግ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

አጎቴ፣ እባክዎን ያንን ወረቀት ያስመልሱት። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ። ለኔ ክብር ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ዳድዚ ግን ለኔ ክብር ብሎ ኬፕ ኮስት ድረስ ቤንዚን አላቃጠለም። ወረቀቱ አሁን በካፒቴኑ ጠበቃ እጅ ነው። ካፒቴኑን የከሰሰችው ዐቃቤ ሕግ ጠርታ አሳየችኝ፤ ማኅተምዎን ሳየው ወዲያው አወቅኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮደል ለፖሊስ የሰጠው ቃል "ያለ ዕረፍት በየቀኑ ነበር የምንሠራው፤ ኤቦም እንደኛው" ይላል። የኔ ቃል ደግሞ "ከማክሰኞ በቀር" ይላል። የሮደል እጅ በዊንቹ የተያዘበት ቀን ማክሰኞ ነው። ሮደል "ዊንቹ ላይ የነበረው ኤቦ ነው፤ እሱ ባያቆመው ክንዴ ይሄድ ነበር" ብሏል። በኔ ቃል ከሄድን ግን እኔ በዚያ ሰዓት አልጋዬ ላይ ተኝቻለሁ። የካፒቴኑ ጠበቃ የሚለው ቀላል ነው። ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ነው፤ የአገሩ አለቃ በማኅተም የመሰከረው ለኤቦ ነው፤ ስለዚህ ውሸታሙ ሮደል ነው። ደግሞም በሳምንት አንድ ቀን "አልሠራም" ማለት የቻለ ሰው ሌላውንም ቀን ፈቅዶ ሠርቷል፤ ስለዚህ ባርነት የለም።

ዐቃቤ ሕጓ ክፉ ሰው አይደለችም። "ፖሊስ ፊት የተናገርከውን ማረም ከፈለግክ ጊዜ አለህ። ፍርድ ቤት ምለህ ከዋሸህ ግን እኔም አላድንህም" አለችኝ። አስብበታለሁ ብያት ወጣሁ።

ሮደል ከኔ ጋር በአንድ ማዕድ ነው የሚበላው። ሹካውን በግራ እጁ መያዝ እየተለማመደ ነው።

ወረቀቱን ያስመልሱት። ለምን ብለው ግን አይጠይቁኝ። ኮጆ ተክዪንም እንዳይሄድ ይከልክሉት።

ኤቦ


ንሱዋኖ፣ ረቡዕ ጥር 7

ለኤቦ ኩዋንሳ፣

"ለምን ብለው አይጠይቁኝ" ትለኛለህ? እኔን? ሱሪ ሳትታጠቅ መዋኘት ያስተማርኩህ እኔን?

ስለ ሰላምታው ይቅር። እናትህ ደህና ነች፣ እኔ ተናድጃለሁ፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

ማኅተምህን መልሰህ ዋጠው ትለኛለህ። ይህ ማኅተም የአባቴ ወንድም እጅ ላይ የነበረ ነው። የአንድ ሰው ሞተር የወሰድኩት ባንተ ስም ነው። ወጣቶቹ "ማክሰኞ ይቅር፤ የድሮ ነገር ነው" ብለው በተነሱ ቁጥር አፋቸውን የዘጋሁት ባንተ ነው። አሁን አንተ በደብዳቤ ጥግ "ያስመልሱት" ትላለህ፤ ምክንያቱን ግን እንደ ሕፃን ጀርባህ ትደብቃለህ።

ኮጆ ተክዪን ከልክል አልከኝ። በምን አፌ? "ሄጄ እንደ ኤቦ ማክሰኞዬን እያከበርኩ እሠራለሁ፤ እዚህ ያለ ሞተር ከምቀመጥ" አለኝ። ቪዛው ወጥቷል። በየካቲት መጀመሪያ ይሄዳሉ።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቅሃለሁ። ሁለት ጊዜ ዘለኸዋል፤ ሦስተኛ ከዘለልከው ደብዳቤህን አልከፍትም። እጅህ በማክሰኞ ቀን መረብ ነክቷል ወይስ አልነካም? አዎ ወይም አይደለም በል። ወሬውን ከዚያ በኋላ አምጣው።

ናና ክዌጂር


ፖርት ካሪክ፣ ረቡዕ ጥር 21

የተከበሩ አጎቴ፣

አዎ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ካፒቴኑ መጣ። ይመታኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ሃይማኖትህ ነው? ጥሩ፣ ዕረፍ" አለኝና ሄደ። ከዚያ ማድ ቤቱን ቆለፈው። በኔ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሁላችንም ላይ። "አንዱ ካልሠራ ማንም አይበላም" አለ። ሮደልና ሌሎቹ በበረዶ ሲገረፉ ውለው ትኩስ ነገር ሳይቀምሱ ተኙ። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሮደል እንዲያውም ኪሱ ውስጥ የተረሳች ብስኩት አግኝቶ ግማሹን ሰጠኝ። አጎቴ፣ ያቺን ብስኩት መዋጥ አቃተኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሳይቀሰቅሱኝ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ሆነብኝ።

በዚያው ሰሞን ካፒቴኑ አጠገቤ ቆሞ በስልክ ተገናኘን፤ ያስታውሱ እንደሆነ። "ማክሰኞህስ?" አሉኝ ገና ሰላም ሳይሉኝ። ከጀርባዎ አሸዋው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማኛል። የኮጆ ድምፅ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ምን ልበል? "ፈቅዶልኛል" አልኩ። እርስዎም በደስታ ጮኹ፤ ሁሉም ጮኸ። ካፒቴኑ "ምን ሆነው ነው?" ሲለኝ "ሰላምታ ያቀርቡልዎታል" አልኩት።

ፖሊስ ሲመጣ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ነበር። አስተርጓሚ አመጡልኝ። አፉን ሲከፍት የኛው ሰው፣ የኬፕ ኮስት ፋንቴ ተናጋሪ! ሌላ አገር ሰው ቢሆን፣ እንግሊዝ ቢሆን፣ ማክሰኞ ምን እንደሆነ የማያውቅ ቢሆን እናገር ነበር። "በየቀኑ ነበር የምትሠራው?" ብሎ በኛው አነጋገር ጠየቀኝ፤ ቀና ብዬ ሳየው መልሴን የሚጠብቀው ፖሊሷ ሳትሆን እርስዎ መሰሉኝ። "ከማክሰኞ በቀር" አልኩ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ በአክብሮት። ፖሊሷ ጻፈችው።

ዊንቹ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። የሮደል እጅጌ ሲያዝ አየሁ። አቆምኩት፤ ግን ዘገየሁ። ማክሰኞ ነበር። እኔ መረብ ስለነካሁ ባሕሩ የኔን ቅጣት ከሮደል እጅ እንደወሰደ ነው የማምነው። ሐኪሞቹ ድካም ነው ይላሉ። ድካምም ነበር።

የካቲት 11 ለምስክርነት እጠራለሁ። መልስዎ ከዚያ በፊት አይደርስልኝም። እውነቱን ከተናገርኩ ማኅተምዎ የውሸት ማኅተም ይሆናል፤ ወሬውም በሬዲዮ ንሱዋኖ ይደርሳል። ዝም ካልኩ ሮደል ውሸታም ይሆናል፤ ካፒቴኑም ነገ ኮጆ ተክዪን ያሳፍራል። እኔ ከሁለቱ የቱን እንደምመርጥ እስካሁን አላውቅም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ ሳስብ፣ መጀመሪያ ነገር እርስዎ ከአልጋው አይነሱም ነበር ብዬ አፍራለሁ።

አሁን አይመልሱልኝ። ኮጆን ግን ያስቁሙት። ማስቆሚያ ካጡ ይህን ደብዳቤ ያንብቡለት።

ኤቦ


ፖርት ካሪክ፣ ሐሙስ የካቲት 13

የተከበሩ አጎቴ፣

ተናገርኩ።

የጠሩኝ ቀን ማክሰኞ መሆኑን እዚያው ስደርስ ነው ያስተዋልኩት። አሥራ አምስት ተራ ሰዎች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ይፈርዳሉ፤ አንዷ ሹራብ እየሠራች የመጣች ትመስል ነበር፣ ክሩ ከቦርሳዋ ወጥቶ ይታያል። ካፒቴኑ ክራቫት አስሯል። ዓይን ለዓይን ተያየን። "ደህና ነህ ኤቦ?" እንደሚል ሰው አንገቱን ነቀነቀልኝ።

ጠበቃው ወረቀትዎን አወጣ። እያንዳንዷን ቃል ቀስ ብሎ አነበበና፣

"ሚስተር ኩዋንሳ፣ አጎትዎ የተከበሩ ሰው ናቸው?" አለኝ።

"በጣም" አልኩ።

"ይዋሻሉ?"

"አያውቁበትም።"

"እንግዲያው ይህ እውነት ነው።"

"አጎቴ የጻፉት እኔ የነገርኳቸውን ነው" አልኩት። "የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ጠበቃው እንደ ዓሣ ገለበጠኝ። ፖሊስን የዋሸህ፣ አጎትህን የዋሸህ፣ ዛሬ ደግሞ እነዚህን ሰዎች ልታሞኝ ነው፤ ይህን ሁሉ የምታደርገው እዚህ አገር ለመቅረት ነው አለኝ። "አንድ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ለምን ይዋሻል? አንድ ቀን ሥራ ሠራህ ቢባል ምን ነውር አለው?" ሲል ሰዎቹ ፈገግ አሉ። እንዴት ልንገራቸው? ያው የኬፕ ኮስቱ አስተርጓሚ አጠገቤ ቆሟል። ወደሱ ዞሬ "አንተ ታውቃለህ" አልኩት። ዳኛዋ ለአስተርጓሚው ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ተናገር አሉኝ። ስለዚህ የማድ ቤቱን ቁልፍ፣ ብስኩቷን፣ የስልኩን ሁካታ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አስተርጓሚው ሲተረጉም መሃል ላይ አቁሞ ውሃ ጠየቀ። ሮደል ከኋላ ተቀምጦ ፊቱን በደህናው እጁ ሸፍኖ ነበር።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ሳለሁ ሮደል መጣ። "ግማሹን ብስኩት አልበላሁትም አልክ። ምን አደረግከው?" አለኝ። "ባሕር ጣልኩት" አልኩት። "ጅል! እኔ እየራበኝ!" ብሎ ጀርባዬን መታኝ። ስንስቅ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ዝም በሉ አለን።

ፍርዱ ገና ነው። ማኅተምዎን በአደባባይ ውሸት ያልኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤ ባይጽፉልኝም ይገባኛል።

ኤቦ


ንሱዋኖ፣ ረቡዕ መጋቢት 3

ለእህቴ ልጅ ለኤቦ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቼ ነበር፤ የዘገየሁት ግን ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

"አዎ" የሚለው የደረሰኝ ኮጆ ተክዪና ጓደኛው ወደ አክራ የሚሳፈሩ ዕለት ነው። ጉልበቴን ይዤ መናኸሪያ ሮጥኩ፤ ሳቅ ካሰኘህ ሳቅ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ሹፌሩ ፊት ቆሜ ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። ዳድዚ ከኋላ "ናና፣ ይህ የግል ነገር ነው" ይላል። "ማኅተሜን ኬፕ ኮስት ስትወስደው ግል አልነበረም" አልኩት። ኮጆ ወረደ። ንባቤ የማድ ቤቱ ቁልፍ ጋ ሲደርስ ነው ሻንጣውን የጠየቀው። ጓደኛው አልወረደም። "ኤቦ ሰነፍ ስለነበር ነው" አለ። ሄደ። እናቱ በየቀኑ እየመጣች ደብዳቤ አለ ወይ ትለኛለች።

ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ኤቦ ማክሰኞን ጥሷል፣ ምን ይደረግ? አንዳንዶቹ ተመልሶ ታንኳ ላይ አይወጣም አሉ። አንዱ በትረ አለቅነቱን ከኔ ላይ እናንሳ አለ፤ ስሙን አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ፣ ያው ሁልጊዜ የሚያስለው ነው። ሲጨርሱ ተነሳሁ።

"በማክሰኞ ታንኳ ሲወጣ ማንን ነው የምጠራው?" አልኳቸው። "መረብ የጎተተውን ልጅ ጠርቼ አውቃለሁ? ገመድ የያዘውን ቀጥቼ አውቃለሁ?" በፍጹም አሉ። የሚጠራው ታንኳው እንዲወጣ ያዘዘው ባለቤቱ ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። መሃል ባሕር ላይ የተቀመጠ ልጅ ባለታንኳው ጎትት ካለው ወዴት ይሄዳል? አባቶቻችን ይህን ያውቁ ስለነበር ነው በሠራተኛው ላይ ቅጣት ያልጻፉት። አንተ ይህን ሕግ ከልጅነትህ ጀምሮ አፍንጫህ ሥር ሲፈጸም እያየህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክመህ ዞርክ። ኤቦ፣ አንጀቴን በላኸው።

እንግዲህ የንሱዋኖ ፍርድ ይኸው። ማክሰኞን የጣሰው ካፒቴን ጊለስፒ ነው። አንድ በግና ሽናፕስ አለበት። መጥሪያውን አያይዤልሃለሁ፤ በእጁ ይድረሰው። በግ አጣሁ እንዳይል፣ እዚያ አገር በግ ሞልቷል አሉ።

የጓደኛህን እጅ ባሕሩ አልወሰደውም። ባሕሩ የሚፈልገውን ከባለታንኳው ነው የሚጠይቀው። ይህን ለራስህ ደጋግመህ ንገረው፤ እምቢ ካለህ ደግሞ የአጎቴ ትእዛዝ ነው በለው።

የኔ ጥፋት ሌላ ነው። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ለዚያ አንድ በግ ከራሴ መንጋ አርጃለሁ። ለዐቃቤ ሕጓም ያ ወረቀት ስህተት ነው የሚል ሌላ ወረቀት በማኅተም ልኬያለሁ፤ ዘግይቶ ከሆነም ይድረሳት። ኮጆ ታንኳውን ራሱ ፈልጎ ስላስወጣ ቅጣቱን ይከፍላል። ሞተሩን ግን መለስኩለት፤ በሐሰት ቃል አሳፍሬ የወሰድኩበት ነውና። በትሩ ለጊዜው እጄ ላይ ነው። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

አንተም ከቅጣት አታመልጥም። እኔን ስለዋሸኸኝ አንድ ሙሉ ማክሰኞ አሸዋው ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ መረብ ትጠግናለህ፤ የተከለከለው ባሕር ላይ መጎተቱ ነው እንጂ መጠገኑ አይደለም፤ እኔ አወራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ።

ከአልጋው አይነሱም ነበር ያልከኝን አንብቤዋለሁ። እነሳ ነበር ልጄ። በመጀመሪያው ማክሰኞ።

አጎትህ


ፖርት ካሪክ፣ ሰኞ ሚያዝያ 6

የተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ከሮደል ጋር አነበብነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝና እሱ ቀጠለልኝ፤ ፊደሉን እያነበበ ትርጉሙን ሳያውቅ። እኔ እያለቀስኩ እሱ በአነጋገሩ እያሳቀኝ ጨረስነው።

ፍርዱ ወጥቷል። በግዳጅ ማሠራት፣ ጥፋተኛ። የሮደል ጉዳት፣ ጥፋተኛ። ካፒቴኑ እስር ቤት ነው። በሰው ዝውውር ክስ ግን አሥራ አምስቱ ሰዎች "አልተረጋገጠም" አሉ። እዚህ አገር እንዲህ የሚባል ፍርድ አለ፤ ጥፋተኛ ነውም ንጹሕ ነውም ሳይሉ መሃል ላይ ይተዉታል። እኔን ያመጣኝ ሰው ዳድዚ እዚህ ስለሌለ ገመዱን መያዝ አልቻሉም። የኮጆ ጓደኛ በየትኛው መርከብ እንዳለ እንዲፈልጉ ለፖሊስ አመልክቻለሁ። እናቱን አላገኙትም ይበሏት፤ መፈለጋቸውንም ይንገሯት።

የሚያጣራውም መሥሪያ ቤት በመጨረሻ ተጠቂ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ላከልኝ። እርስዎ ከጠዋት እስከ ምሳ የሚጨርሱትን ነገር።

መጥሪያውን ለዐቃቤ ሕጓ ሰጠኋት። ደግማ አነበበችውና "ከመዝገቡ ጋር ላያይዘው አልችልም፤ ለሱ ግን እንዲደርሰው አደርጋለሁ" አለች። ደርሶታል። በጉ አልመጣም።

መቆየት ትችላለህ ብለውኝ ነበር። እመጣለሁ። ሞራግ ቲኬቱን ስትይዝልኝ "የትኛው ቀን ይሻልሃል?" አለችኝ። ማክሰኞ አልኳት። ሳቀችብኝ፤ "አንተና ማክሰኞ አትላቀቁም?" አለች። ማክሰኞ ንሱዋኖ ስደርስ ባሕር የወጣ ሰው የለም፤ ሁሉም አሸዋው ላይ ተቀምጧል። ሊሰድበኝ የፈለገም ሊያቅፈኝ የፈለገም እዚያው ያገኘኛል።

የመረቡን መርፌና ክር ያዘጋጁልኝ።

ልጅዎ ኤቦ